ከውጭ ሲታይ ደህና የመሰለው ሸራ

የመኪና ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ የምኖር ነርስና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። መኪናችን በፈረንጆች አቆጣጠር 2004 የተሠራ ቶዮታ ራቭ ፎር ነው። እናቴ አሰላ ስለምትኖር በየአሥራ አምስት ቀኑ ልጆቼን ይዤ እመላለሳለሁ። ከሰባት ወር በፊት የፊት ፍሬን ሸራ አስቀይሬ ነበር። በቅርቡ ግን ፍሬን ስይዝ በቀኝ በኩል ፉጨት ጀመረ፤ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ደግሞ ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ ይሰማል። ቁልቁለቱን ወርጄ ስቆም የመቃጠል ሽታ አለው፤ የቀኙ ቸርኬም ከግራው ይልቅ ጠቁሯል። ሸራውን የቀየረልኝ ልጅ በቸርኬው ቀዳዳ አጮልቆ አይቶ «ገና ግማሹ አለ፤ አቧራ ገብቶበት ነው» አለኝ። እኔም በስልኬ መብራት አየሁት፤ እውነትም ወፍራም ነው። ታዲያ ድምፁ ከምን መጣ? ባለቤቴ ለሥራ ሩቅ ስለሆነ ከወንድሜ ጋር ሆነን በግቢያችን ውስጥ ሸራውን ራሴ መቀየር እፈልጋለሁ። ሰው ሁሉ ግን «ፍሬን የሴት ሥራ አይደለም» ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጋሼ ብለሽኛልና አንቺ ልበልሽ። ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ያስላክሁልሽን ቃል እዚህም እደግመዋለሁ፤ መኪናው ሳይሠራ አሰላ እንዳትሄጂበት። በከተማ ውስጥም ቢሆን ልጆች ይዘሽ አትንጂው።

ልጁም አንቺም ያያችሁት ሸራ በእርግጥም ወፍራም ነው። ነገር ግን በአንድ የፊት ጎማ ላይ ያለው ሸራ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። አንዱ ከዲስኩ፣ ማለትም ከጎማው ጋር ከሚሽከረከረው ክብ ብረት፣ ውጭ በኩል፣ በቸርኬው ቀዳዳ የሚታየው ነው። ሁለተኛው ከዲስኩ ጀርባ፣ በሞተሩ በኩል ተደብቆ ይቀመጣል። ካሊፐሩ ሁለቱን እንደ መቆንጠጫ ከግራና ከቀኝ ይዞ ዲስኩን ይጨብጣል። የአንቺ መኪና ላይ ያለቀው የማይታየው ነው ብዬ ከሩቅ ሆኜ በድፍረት እናገራለሁ፤ የጻፍሽልኝ ምልክት ሁሉ ወደዚያው ያመለክታልና። ፉጨቱም ቢሆን አቧራ አልነበረም። ሸራው ላይ የተገጠመች ቀጭን የብረት ምላስ አለች፤ ሸራው ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ዲስኩን እየነካች እንድታፏጭ ተብላ ነው የተሠራችው። ብዙ ጊዜ የምትገጠመው በውስጠኛው ሸራ ላይ ነው። አስጠነቀቀችሽ፤ ሰሚ አጣች።

ይህን ለማረጋገጥ ጎማ መፍታት እንኳን አያስፈልግም። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁመሽ መሪውን እስከ መጨረሻው አጥፊው። ከዚያ ከቦርሳሽ ትንሽ መስታወት አውጪና በጎማውና በመኪናው አካል መካከል አስገብተሽ በስልክሽ መብራት ከዲስኩ ጀርባ ተመልከቺ። መኪናው ግን ቆይቶ የቀዘቀዘ ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰባት ወር ሸራ የሚያልቅበት ጊዜ አይደለም። ብዙ ሰው እንዲህ ሲያጋጥመው «ርካሽ ሸራ ሸጡልኝ» ብሎ ውድ ይገዛል፤ እሱም በሰባት ወሩ ያልቃል። ሸራው መጥፎ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም እኩል ባለቁ ነበር። አንዱ ግማሹ ቀርቶ ሌላው ከብረቱ ሲደርስ ጥፋቱ ያለው ካሊፐሩ በሚንሸራተትባቸው ፒኖች ላይ ነው፤ አልፎ አልፎም በፒስተኑ፣ ማለትም በዘይት ግፊት ወጥቶ ሸራውን በሚገፋው ክብ ብረት፣ ላይ።

ፒኖቹን ላሳይሽ። በአንድ ካሊፐር ላይ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። እያንዳንዳቸው ከአመልካች ጣት ብዙም የማይበልጡ ለስላሳ የብረት ዘንጎች ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ጥቁር ላስቲክ ለብሰዋል። ፍሬን ስትረግጪ ፒስተኑ የሚገፋው የውስጠኛውን ሸራ ብቻ ነው። ያ ሸራ ዲስኩን ሲነካና መሄጃ ሲያጣ ካሊፐሩ ራሱ በፒኖቹ ላይ ተንሸራቶ ወደ ኋላ ይመጣና የውጭውን ሸራ ስቦ ዲስኩ ላይ ያሳርፈዋል። ጉዞው ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ ሥራው ሁሉ የሚሠራው ግን በዚያች ጭረት በምታህል ጉዞ ነው። ላስቲኩ ከተቀደደ የአዳማ ነፋስ የሚያነሳው ደቃቅ አቧራ ይገባል፣ በክረምት ውሃ ይከተላል፣ ግራሶው ይደርቃል፣ ፒኑ ይዝጋል። ካሊፐሩም ባለበት ደርቆ ይቀራል። ከዚያ ወዲህ የውጭው ሸራ አርፎ ተቀምጦ የውስጠኛው ብቻውን ይሠራል፤ ስትለቂውም በቅጡ ስለማይላቀቅ እየታሸ ይጓዛል። ሽታውና የቸርኬው መጥቆር ከዚህ የመጣ ነው።

በሥራ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ የማስቀምጠው አንድ አሮጌ ሸራ አለ። ሸራ ማለቱ ይከብዳል፤ የሚፋጨው ክፍል ጠፍቶ ጀርባው ያለው ብረት ራሱ ግማሽ በግማሽ ተበልቷል፤ ፊቱም እንደ መስታወት ያበራል። ጓደኛውን፣ ማለትም ከዚያው ጎማ የወጣውን የውጭውን ሸራ፣ አብሬው በላስቲክ አስሬዋለሁ። እሱ 7 ሚሊ ሜትር አለው። አዲስ የሚመጡ ለማጆቼን ሁለቱን አንድ ላይ በእጃቸው አስይዤ «ከአንድ ጎማ ነው የወጡት» እላቸዋለሁ። አንቺ የበሽተኛ ካርድ ሳታነቢ መርፌ እንደማትወጊ ሁሉ፣ አሮጌው ሸራ ሳይታይ አዲስ መግጠም በእኔ ቤት ክልክል ነው። ሁለቱ እኩል ካለቁ ሁሉም ደህና ነው። የውስጡ ብቻ ካለቀ ፒን ወይም ፒስተን ነው። አንዱ ጫፉ ቀጥኖ ሌላው ጫፉ ከወፈረ አንደኛው ፒን ይዟል፣ ወይም ሸራው በመቀመጫው ላይ ተቀርቅሯል። የቀኙ ጎማ ሸራ ከግራው ብዙ ከተለየ አንደኛው ካሊፐር ከሥራ ወጥቷል።

ስለዚህ ልጁ ከሰባት ወር በፊት ሸራ አውጥቶ ሸራ ሲገጥም ፒኖቹን አልነካቸውም ማለት ነው። ይህን የምለው እሱን ለመውቀስ አይደለም። ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ፣ ደንበኛው «ቶሎ በል» እያለ የሚሠራ ልጅ ፒን አውጥቶ ለማጽዳት አንድ ሰዓት አይሰጠውም። አንቺ በግቢሽ ውስጥ ያ ሰዓት አለሽ። ራስሽ ብትሠሪው የምደግፍሽም ለዚህ ነው።

«የሴት ሥራ አይደለም» ላሉሽ ሰዎች መልስ አትስጪ። ይህ ሥራ የሚጠይቀው ቅደም ተከተልና ንጽሕና ነው፤ ሁለቱንም በየቀኑ በሆስፒታል ትሠሪባቸዋለሽ። ጉልበት የሚያስፈልገው የጎማውን ዳዶ ለማላላት ብቻ ነው፤ ለዚያ ወንድምሽ አለ።

የእኔ ፍርሃት ሌላ ነው፤ ክሪኩ። የአዳማ ግቢ አፈር አመድ የመሰለ፣ የላላ ነው። ሲረግጡት የጠና ይመስላል፤ ከአንድ ቶን በላይ የሚከብድ መኪና በአንዲት የክሪክ እግር ላይ ሲያርፍበት ግን ቀስ በቀስ ይሰምጣል። በ1991 ዓ.ም. ገና ለማጅ ሳለሁ በአንድ ሰው ግቢ ውስጥ ፊቴን ወደ ካሊፐሩ አስጠግቼ ስሠራ ክሪኩ አንድም ድምፅ ሳያሰማ አዘነበለና መኪናው ወረደ። አለቃዬ የፈታነውን ጎማ ከመኪናው ሆድ ሥር አስተኝቶት ስለነበር መኪናው እሱ ላይ አረፈ። እጄ ዛሬ የሚጽፈው በዚያ ጎማ ምክንያት ነው። ስለዚህ አራት ነገር ሳታሟሉ ጎማ አትፍቱ። መሬቱ ሲሚንቶ ወይም ንጣፍ ይሁን፤ ካልሆነ ከክሪኩ ሥር ሰፊና ወፍራም ጣውላ ይነጠፍ። የኋላ ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ይደገፉ፤ የእጅ ፍሬንም ይያዝ። መኪናው ከተነሳ በኋላ በክሪኩ ላይ እንዳይቀር የብረት መደገፊያ ይግባበት፤ ከሌላችሁ ከምታውቁት ጎሚስታ ተዋሱ። የተፈታውም ጎማ ከሥር ይተኛ። ብሎኬት ግን በፍጹም! ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ሲሰነጠቅ አስቀድሞ አይናገርም፣ በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። በየግቢው ሰው ሲደግፍበት ሳይ ሆዴ ይርዳል።

ልጆቹን ደግሞ ከቤት አታውጪያቸው። ይህ በጨዋታ እንዳያስቸግሯችሁ ብቻ አይደለም። አንዳንድ ሸራዎች አስቤስቶስ ይኖርባቸዋል፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ከገባ የሚያመጣውን በሽታ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። የፍሬን ብናኝ በአፍ አይነፋም፣ በኮምፕሬሰርም አይነፋም። የሳሙና ውሃ ረጭተሽ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው፤ ጨርቁን በፌስታል አስረሽ ጣይው። ከሥራ ቦታሽ የምታውቂውን ኤን 95 ማስክና ጓንት አድርጊ።

ሥራው እንዲህ ነው። ጎማው መሬት ላይ እያለ ዳዶዎቹን በ21 ቁጥር ቁልፍ ግማሽ ዙር ብቻ አላሉ፤ ከዚያ አንሱት። አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ሳትገጥሙ ሌላውን አትፍቱ፤ የተረሳ ነገር ቢኖር ያልተፈታውን አይታችሁ ትገጥማላችሁ። ከመፍታትሽም በፊት የካሊፐሩን ፎቶ በስልክሽ አንሺ። የሞተሩን ክዳን ክፈቺና የፍሬን ዘይቱን ማጠራቀሚያ ተመልከቺ፤ እስከ ላይኛው መስመር ከሞላ በአዲስ ሲሪንጅ ትንሽ ቀንሺለት፤ ፒስተኑ ወደ ውስጥ ሲገፋ ዘይቱ ወደ ላይ ተመልሶ ይፈስሳልና። የፍሬን ዘይት የመኪና ቀለም ይልጣል፤ ከፈሰሰ ወዲያውኑ በብዙ ውሃ እጠቢው።

የካሊፐሩን ብሎኖች ፈትተሽ ካሊፐሩን ስታነሺ የፍሬን ዘይት በሚያመጣለት የላስቲክ ቱቦ ላይ አታንጠልጥዪው። ቱቦው ከውስጥ ይጎዳል፤ ጉዳቱም ከውጭ አይታይም። በሽቦ ከላዩ ካለው ሞላ ጋር እሰሪው። አሁን ሁለቱን ሸራዎች አውጪና በልጅሽ ማስመሪያ ለኪ፤ የጀርባውን ብረት ሳይሆን የሚፋጨውን ክፍል ብቻ። አዲስ ሲሆን 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቶዮታ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ይፈቅዳል፤ እኔ ግን 3 ላይ እቀይራለሁ፤ በተለይ የአሰላን ቁልቁለት ለሚወርድ መኪና።

ቀጥሎ ፒኖቹን በእጅሽ ሳቢያቸው። ደህና ፒን ከላስቲኩ ጋር እየታገለ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ስትለቂውም በቀላሉ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይላል። የያዘው ግን ጨርሶ አይነቃነቅም፤ በቁልፍ እያዞርሽ ማላቀቅ ይኖርብሻል። ሲወጣ እየው። የደረቀ ቡናማ ግራሶ ብቻ ከሆነ በጨርቅና በአልኮል ጠርገሽ ታድኚዋለሽ። በጥፍርሽ ስትዳስሺው ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ከሆነ ግን አዲስ ይገዛ፤ ላስቲኩም አብሮ ይቀየር። የገባበትንም ቀዳዳ ጥረጊ። ከዚያ ለፍሬን ተብሎ የተሠራ፣ ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ግራሶ በስሱ ቀቢው። የኩሽኔታ ግራሶ ወይም የሞተር ዘይት እንዳትቀቢ፤ ላስቲኩን አሳብጠው ፒኑን መልሰው ያስይዙታል፤ በሦስት ወር ውስጥ እዚሁ ደብዳቤ ላይ እንገናኛለን። ሸራዎቹ የሚቀመጡባቸውን የብረት ጫፎችም በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጊ፤ አዲሱ ሸራ በእጅ ግፊት ብቻ ገብቶ መንሸራተት አለበት። መዶሻ ካስፈለገው ቦታው አልጸዳም ማለት ነው።

ፒስተኑን ለመመለስ አሮጌውን ሸራ ፊቱ ላይ አድርገሽ በትንሽ የእጅ ሞርሳ ቀስ እያልሽ ግፊው። ሳይንገራገጭ መግባት አለበት። በፒስተኑ ዙሪያ ካሊፐሩ ውስጥ አንድ ወፍራም የጎማ ቀለበት አለ፤ ፍሬን ስትይዢ ከፒስተኑ ጋር ትንሽ ይጠማዘዛል፤ ስትለቂ ወደ ቦታው ሲመለስ ፒስተኑን በፀጉር ስፋት ያህል ይዞት ይመለሳል። ፍሬንን የሚያላቅቀው ይኸው ነው፤ ሌላ ሞላ የለውም። ስለዚህ ፒስተኑ አልገባ ካለ፣ የአቧራ መከላከያው ላስቲክ ከተቀደደ ወይም በዙሪያው እርጥበት ካየሽ፣ ሥራሽ እዚያ ላይ ያበቃል። መኪናው ካሊፐሩ ተፈትቶ ወደሚታደስበት ጋራዥ በተሸካሚ መኪና ይሂድ። ይህ ሽንፈት አይደለም፤ እኔም በመንገድ ዳር ብሆን የማደርገው ይህንኑ ነው።

ዲስኩን ሳላነሳ አላልፍም፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ በብረት ተፍቋልና። ጥፍርሽን ከመሃል ወደ ዳር ጎትቺበት፤ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ አዲስ ሸራ አይገጠምበትም፤ ሸራው የዲስኩን ቦይ ቅርጽ ይዞ ያለጊዜው ያልቃልና። ዝቅተኛው የዲስክ ውፍረት ራሱ ዲስኩ ላይ በሚሊ ሜትር ተቀርጿል። ቶርኖ ቤት የሚወሰደው ተልጦም ከዚያ ቁጥር በላይ የሚቀር ከሆነ ብቻ ነው፤ ካልሆነ ይቀየራል፤ ሲቀየርም የግራውም አብሮ ነው። እንደ ግምቴ የቀኙ ዲስክሽ የውስጥ ፊት አይድንም፤ ስለዚህ መለዋወጫ ቤት ስትሄጂ ይህንንም አስበሽ ሂጂ። ሸራም የሚገዛው ለሁለቱም የፊት ጎማ፣ አራቱም በአንድ ጊዜ ነው። አዲስ ዲስክ ከፋብሪካ ሲመጣ ዘይት የተቀባ ስለሆነ በሳሙና አጥበሽ አድርቂው፤ ከዚያ በኋላ ፊቱን ግራሶ በነካው ጓንት አትንኪ።

ከገጠማችሁ በኋላ የጎማው ዳዶዎች በአንድ ጊዜ ሳይሆን እያፈራረቃችሁ፣ በትይዩ ይጠበቁ። የራቭ ፎር ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው። መለኪያ ያለው ቁልፍ ከሌላችሁ የቁልፉ ክንድ 35 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጫፉ ላይ 30 ኪሎ ግራም የሚያህል ክብደት መጫን ማለት ነው። ቁልፍ ላይ ቆሞ መዝለል ብሎኑን ያስረዝመዋል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄድሽ በኋላ ደግማችሁ አጥብቁት።

ሞተር ሳታስነሺ፣ ማርሽ ሳትነኪ፣ መጀመሪያ ፍሬኑን እርገጪ። የመጀመሪያው እርግጫ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ ፒስተኑ ወደ ኋላ ተገፍቷልና። ፔዳሉ ጠንክሮ ከላይ እስኪይዝ ድረስ ደጋግመሽ እርገጪ፤ ከዚያ የዘይቱን መጠን እዪ። ይህን ዘንግቶ ከግቢው ሊወጣ ሲል በሩን ገጭቶ የወጣ ሰው አይቻለሁ፤ በበሩ ውጭ ሰው ያልቆመው በፈጣሪ ቸርነት ነው። ብትረግጪ ብትረግጪ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ አየር ገብቷል፤ መኪናው አይንቀሳቀስ።

አዲስ ሸራ ደግሞ ወዲያው ቁልቁለት አይወርድም። እሑድ በማለዳ፣ ባጃጆች ሳይበዙ፣ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ይዘሽው ውጪ። በ50 እየነዳሽ፣ ከኋላሽ መኪና አለመኖሩን አይተሽ፣ እስከ 15 ድረስ መካከለኛ በሆነ ረገጣ አብርጂው፤ ሙሉ በሙሉ አትቁሚ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ነድተሽ ድገሚ፤ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ። ከዚያ ፍሬን ሳትነኪ ጥቂት ተጓዥና ይብረድ። ሸራው ስስ ሽፋን በዲስኩ ላይ የሚያለብሰው በዚህ ጊዜ ነው።

ስለ አሰላ መንገድ ይህን ያህል የምጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአሰላ ተነስተሽ በኢተያና በዴራ በኩል አዋሽ መልካሳ ድልድይ እስክትደርሺ ከ700 ሜትር በላይ ትወርጃለሽ። ሒሳቡ ሲሠራ፣ ያን ከፍታ መውረድ የሚለቀው ኃይል መኪናውን በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ከሚሄድበት ፍጥነት ከ25 ጊዜ በላይ እያከታተሉ እንደ ማቆም ነው። ከፊሉን ሞተሩና ነፋሱ ይወስዱታል፤ የቀረው ሁሉ ሙቀት ሆኖ እነዚያ ሸራዎችና ዲስኮች ላይ ያርፋል፤ የበዛውን ድርሻ ደግሞ የፊቶቹ ይሸከማሉ። አንቺ ከአራቱ የፊት ሸራዎች አንዱ ባዶ ብረት ሆኖ፣ አንዱ በአግባቡ ሳይሠራ፣ ሁለት ልጆች ከኋላ ይዘሽ ነበር የምትወርጂው። የአራቱን ሸራዎች ልክ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ የግራዎቹንም ጭምር። ግምቴ ልክ ካልሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ መብራት ኃይል አካባቢ ሚኒባስ የምነዳ ነኝ። የፍሬን ዘይቱ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይጎድላል፤ በጎደለ ቁጥር ያገኘሁትን እሞላለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አለው። ዘይቱ በሁለት ምክንያት ይጎድላል። ሸራ ሲሳሳ ፒስተኑ ወደ ፊት ስለሚወጣ ክፍተቱን ዘይት ይሞላዋል፤ በወራት ውስጥ ቀስ ብሎ ዝቅ የሚለው ይህ ነው፤ «ሸራዬን እየኝ» ማለቱ ነው። በሳምንታት ውስጥ የሚጎድል ከሆነ ግን የሚፈስበት ቦታ አለ። የአራቱን ጎማዎች ውስጠኛ ጎን እይ፤ የኋላው ባለ ታምቡር ከሆነ ታምቡሩን አስፈታው፤ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እዚያ ነው። ዝም ብሎ መሙላት ሁለቱንም መልእክት ያጠፋብሃል።

ያገኘኸውን መሙላትም ይቅር። ክዳኑ ላይ ዶት 3 ከተባለ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ይገባበታል፤ ዶት 5 የሚባለው ግን ሲሊኮን ስለሆነ ከሁለቱም ጋር አይደባለቅም። ቆርቆሮው ከተከፈተ የቆየ ዘይት አትጠቀም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ አዲስ ዶት 3 ሳይፈላ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቻል አለበት፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት ግን 140 ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ወለሉ ላይ ይቀራል። ሰው እንደምትጭን አስብና በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ አስቀይረው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ከኢተያ ወደ አዳማ ስመጣ ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልቁለቱን ማርሽ አውጥቼ በፎሌ እወርዳለሁ፤ አንዳንዴም ሞተሩን አጠፋለሁ። ልጄ ይቆጣኛል። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ መምህር፣ ልጅዎ ትክክል ነው። ነዳጁም አይቆጠብም። በኮምፒውተር የሚመራ ሞተር ያለው መኪና በማርሽ ሆኖ ሲወርድ፣ እግርዎን ከነዳጁ ካነሱ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ስለሆኑ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይዘጋል። በፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ እየጠጣ ይወርዳል። ሞተሩን ማጥፋት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። የፍሬኑን ፔዳል የሚያቀልልዎት አጋዥ የሚሠራው በሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ከጠፋ ሁለት ሦስት ጊዜ ከረገጡ በኋላ ፔዳሉ እንደ ግድግዳ ይደርቃል፤ መሪውም ይከብዳል።

ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ይውረዱ፤ ፍሬን ሲይዙም ረጅም ጊዜ ተጭነው ከመቆየት ጠንከር አድርገው ይያዙና ይልቀቁት፣ ይተንፍስ። ዴራ ሲደርሱ ዳር ይዘው ይቁሙና መዳፍዎን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠግተው፣ ሳይነኩት፣ ሙቀቱን ያስተያዩ። የቀኝና የግራው ተመሳሳይ ከሆነ መንገድዎን ይቀጥሉ። አንዱ ከሌላው በግልጽ የሚያቃጥል ከሆነ ከላይ ለእህታችን የጻፍኩት ደብዳቤ ለእርስዎም ነውና አዳማ ሲገቡ መጀመሪያ ፒኖቹን ያስፈትሹ።